ለአጭር ነጂ ሲባል ሞተር መቁረጥ ይቅር

ቁመቱ አጠር ያለ ሰው ስፖርት ሞተር ሲመኝ ቀድሞ የሚሰማው ምክር ሁለቱም እግሮቹ መሬት መርገጥ አለባቸው የሚል ነው። ካልረገጡ ሞተሩ ይቆረጣል። የኋላው አሞርዛተር ሞላ በግራይንደር ያጥራል፤ አንዳንዱ ደግሞ አሞርዛተሩን የሚያገናኘውን ብረት በረዘመ ይለውጠዋል። ሞተሩ ከኋላ አራት ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይልና የነጂው ተረከዝ መሬት ሲያገኝ ችግሩ እንደተፈታ ይቆጠራል። ይህ ምክር ከመሠረቱ የተሳሳተ ነው። የሚያስበው ሞተሩ ቆሞ ያለበትን ጊዜ ብቻ ነው፤ የሚቆምበትንም መሬት ሜዳ አድርጎ ይወስደዋል።

ሐረር ሜዳ አይደለችም። በጀጎል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ኤረር በር የሚወርድ ነጂ እግረኛው፣ ባጃጁና ሸክም የጫነው አህያ በሚጋፉበት ጠባብ መንገድ ቁልቁለቱ መሀል ላይ መቆም ግድ ይሆንበታል። ሲቆም ቀኝ እጁ የፊቱን ፍሬን፣ ቀኝ እግሩ የኋላውን ይይዛሉ፤ መሬት የሚረግጠው ግራ እግሩ ነው። ከኤረር በር ወደ ላይ ሲመለስ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። ዳገት ላይ ቆሞ የሚነሳ ሰው ቀኝ እጁን ለነዳጅ መስጫው ይፈልገዋል፤ ስለዚህ ሞተሩ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚይዘው በቀኝ እግሩ ነው። ፍሪሲዮኑን ቀስ እያለ ይለቃል፣ ሞተሩ ሲስብ ይሰማዋል፣ ያኔ እግሩን ከፍሬኑ ያነሳል። በዚህ ሁሉ ጊዜ የሁለት ሜትር ቁመት ያለው ሰው እንኳ መሬት ላይ የሚኖረው አንድ እግር ነው። ሁለቱንም ካወረደ የኋላ ፍሬኑን ትቷል ማለት ነው። እንግዲህ ሞላ የሚቆረጥለት አቋቋም እንዲህ ባለ መንገድ ላይ ረጅሙም ሰው ሊጠቀምበት የማይገባ ነው።

አጭር ነጂ የሚያስፈልገው የግራ እግሩ ፊት መሬት በደንብ እንዲይዝለት ነው። ለዚህ ደግሞ ወገብን ከመቀመጫው ትንሽ ወደ ግራ ማንሸራተት ጥቂት ሳንቲ ሜትር ይሰጣል። ስፔናዊው ዳኒ ፔድሮሳ ቁመቱ 1.60 ሜትር ገደማ ሆኖ በሞቶጂፒ ከፍተኛው ምድብ 31 ውድድሮችን አሸንፏል። ከእሱም የምታጥረው አና ካራስኮ እ.ኤ.አ. በ2018 የሱፐርስፖርት 300 የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። በውድድር ሜዳ ገበያ መሀል መቆም የለም የሚል ይኖራል፤ ልክ ነው። እነሱን የማነሳው ስለ መቆም ለማስረዳት አይደለም፤ በመንዳት ላይ ያለን ሞተር የሚገዛው የእግር ርዝመት እንዳልሆነ ለማሳየት ነው።

ቆራጩ የማይናገረው ከቆረጣው በኋላ የሚመጣውን ነው። በሁለቱ ጎማዎች መሀል 1360 ሚሊ ሜትር ያህል ያለው ሞተር ከኋላ ብቻ 40 ሚሊ ሜትር ሲወርድ መላው አካሉ ከአንድ ዲግሪ ተኩል በላይ ወደ ኋላ ይጋደማል። የፊት ጎማውን የያዙት ቱቦዎችም አብረው ይጋደማሉ። በዚህ ምክንያት መሪው ይከብዳል፣ ሞተሩ ኩርባ ላይ ወደ ውጭ መሳብ ይጀምራል። የፊት መብራቱ ከመንገዱ ተነስቶ ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ይመታል። የጎን መቆሚያው ለዝቅተኛው ሞተር ስለሚረዝም ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይቆምና ትንሽ ሲነካ ይወድቃል፤ ከዚያ መቆሚያውም ወደ በያጅ ይሄዳል። ማርሚታውና የእግር ማሳረፊያው ድንጋይ ለመንካት ይቀርባሉ። የሞላው ጉዳይ ደግሞ ብዙዎች ከሚያስቡት ተቃራኒ ነው። ከአሥር ጥቅል ሁለቱ ሲቆረጡ ሞላው አይለሰልስም፤ በ25 በመቶ ይጠነክራል፣ የሚጨመቅበትም ርቀት ያጥራል። ከኋላ ሰው ወይም ጭነት ሲጨመርበት ጉድጓድ ላይ እስከ መጨረሻው ይመታል፤ ያኔ ጎማው መሬቱን ይለቃል፣ ፍሬኑም የሚይዘው ነገር ያጣል።

አምራቾቹ ራሳቸው ዝቅ ያሉ ሞተሮች ይሸጡ የለም ወይ የሚል ተቃውሞ አለ። ይሸጣሉ፤ ቢኤምደብሊው አንዳንድ ሞተሮቹን ከፋብሪካው ዝቅ አድርጎ ያቀርባል። ነገር ግን ፋብሪካ ዝቅ ሲያደርግ ፊትና ኋላውን አመጣጥኖ ነው፤ አሞርዛተሩን ለዚያ ቁመት ሠርቶ፣ መቆሚያውንም አሳጥሮ። ይህ ሥራ ከግራይንደር ጋር አንድ ስም ሊሰጠው አይገባም።

የሚከብደው ተቃውሞ የፍርሃት ነው። እግሩ መሬት እንደማይደርስ የሚያስብ ሰው ሰውነቱ ይደርቃል፣ በደረቀ ሰውነት የሚነዳም ይወድቃል። ይህን አቅልዬ አላየውም፤ ከአጭር ነጂዎች ብዙዎቹ፣ በተለይ ሴቶች፣ ሞተር ለእናንተ አይሆንም እየተባሉ ነው የሚጀምሩት። ግን ፍርሃቱን የሚያስወግደው ዳገት ላይ የመነሳት ልምምድ ነው፤ ልምምዱ ሜዳ ላይ ብቻ ካለቀ ሞላ መቁረጥ አያድነውም። ከሞላው በፊት ሊነኩ የሚገባቸው ሌሎች ነገሮችም አሉ። የመቀመጫው ስፖንጅ ከፊት በኩል ሲጠብ ጭኑ ስለማይከፈት እግር ወደ ታች ይረዝማል። ሶሉ ወፈር ያለ ጫማ ይረዳል። የአሞርዛተሩን ማጥበቂያ ማላላትም ጥቂት ዝቅ ያደርጋል፤ ሰው ሲጫን ተመልሶ ይጠብቃል። ምርጫውም አለ፦ የፐልሰር 150 መቀመጫ 785 ሚሊ ሜትር ከፍታ አለው፣ የፐልሰር ኤንኤስ 200 ደግሞ 805፣ የያማሃ አር 6 ግን 850 ነው።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ የጣት ጫፍ እንኳ ለማይደርስለት ሰው ዝቅ ማድረጉን አልከለክልም። ያኔ ፊቱም ኋላውም እኩል ይውረድ፣ ከ20 ሚሊ ሜትር አይለፍ፣ ካቴናው እንደገና ይለካ፣ መብራቱ ይስተካከል፣ መቆሚያው ይጠር። ፋብሪካው የሠራው ሞላ ደግሞ ሳይቆረጥ ተፈትቶ ለባለቤቱ ይሰጠው። ሞተር ከእጅ ወደ እጅ ይሸጣልና ነገ የሚገዛው ሰው ሞላው መነካቱን ሳያውቅ ጓደኛውን ከኋላ ጭኖ ቁልቁለት ሊወርድ ይችላል፤ የሠራው መካኒክ ሥራውን በጽሑፍ፣ ሻጩም በቃሉ የመንገር ግዴታ አለባቸው።