ጠፍሩስ በምን ይታጠባል?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ እኔም ወሬዬን ከአጎቴ ፀጉር ቤት ልጀምር። የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ፕሬስ ነፃነት ወይም ስለ ካፌው ወጥ ይጽፋል እንጂ ስለ አንድ ቁራጭ ቆዳ ምን አስጻፈው የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ግድ የለም፣ እስከ መጨረሻው ተከተሉኝ።

አጎቴ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሱቁ ውስጥ ከመስታወቱ ጎን አንድ ክንድ የሚያህል የላም ቆዳ ጠፍር በሚስማር ተንጠልጥሎ ይኖር ነበር። የእኛ ዕድሜ የሚያውቀው ቶንዶስና ግማሽ ምላጭ የሚገባበትን እጀታ ነው። አጎቴ ግን ለጥቂት አዛውንት ደንበኞቹ ሲል፣ እንደ ሰንጢ ከእጀታው የሚዘረጋውን የድሮ ምላጭ አልተወም ነበር። ይህ ምላጭ ተጠቅመው የሚጥሉት አይደለም። ሰው ከመላጨቱ በፊት በጠፍሩ ላይ ወዲያና ወዲህ ይሳባል። ብዙ ሰው ጠፍሩ ምላጩን የሚሞርደው ይመስለዋል። የሚሞርደው ድንጋይ ነው፤ እሱም አልፎ አልፎ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። የቆዳው ሥራ በመላጨት ብዛት የተጣመመውን፣ በዓይን የማይታየውን የስለቱን ጠርዝ ማቅናትና መወልወል ነው።

ባለፈው ክረምት ለእረፍት ሄጄ ሱቁ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ፣ በአንድ ጠዋት ሦስት አዛውንት ተከታትለው ሊላጩ መጡ። ሁለተኛው አገጫቸው ላይ ትንሽ ተቧጠጡ። አጎቴ ደሙን በአልኮል ጠረገላቸው። ምላጩ እንደመያዝ ሲልበት ደግሞ ጠፍሩ ላይ ሁለት ሦስቴ መለስ አድርጎ ሥራውን ጨረሰ። ከዚያ ምላጩን በረኪና ውስጥ ነከረ፣ አጠበ፣ አደረቀ። ደግ አደረገ። ቀጥሎ ግን የታጠበውን ምላጭ በዚያው ጠፍር ስቦ ሦስተኛውን ሰውዬ መላጨት ጀመረ።

ማታ ሱቁን ስንዘጋ ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ ምላጩስ በበረኪና ታጠበ፤ ጠፍሩስ በምን ይታጠባል?»

«በመዳፍ ይታበሳላ!» አለኝ እየሳቀ። ነገሩ ገብቶት ሳቁን ሲያቆም ግን እንዲህ አለኝ፦ «በዚህ ጠፍር ነው ኮሌጅ የገባኸው። ዛሬ ቆሸሸብህ?»

መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ነው። ግን እኔም እውነቴን ነበር። በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ከዚያ ወዲህ ስለታም ነገር በጋራ አትጠቀሙ የሚለውን ምክር ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ኤች አይ ቪን እንኳ ብንተው፣ የሄፐታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ሰባት ቀን ሊቆይ ይችላል። ብረት ይቀቀላል፣ በረኪና ይችላል። ቆዳ ሲቀቀል ይኮማተራል፣ ይደርቃል፤ በረኪናም ይበላዋል። ማጽዳት የማይቻል ነገር ደግሞ የብዙ ሰው መሆን የለበትም። የእኔ አቋም ይሄ ነው።

ታዲያ ይጣል? አይጣል! እዚህ ላይ ከብዙ ጓደኞቼ ጋር እለያያለሁ። አሜሪካዊው ኪንግ ጂሌት እ.ኤ.አ. በ1904 ፓተንት ያገኘበት ምላጭ ዓለምን ያሸነፈው፣ ድንጋይም ጠፍርም አያስፈልጋችሁም በማለት ነው። ለፀጉር ቤት ትክክለኛው መንገድ ይኸው ለአንድ ሰው ብቻ ተጠቅሞ መጣል ነው። በቤቱ የራሱን ጢም በራሱ ምላጭ የሚላጭ ሰው ግን አንድ ምላጭና አንድ ጠፍር ከያዘ፣ በአግባቡ እስከያዛቸው ድረስ ለብዙ ዓመታት ያገለግሉታል። በየሳምንቱ ምላጭ እየገዛ የሚጥልበት ምክንያት የለም።

አጎቴ ሁለት ቀን አኮረፈኝ። በሦስተኛው ቀን ሱቅ ስገባ ሚስማሩ ባዶ ነው። ለደንበኞቹ በየሰዉ አዲስ ምላጭ ማስገባት ጀመረ። አንዱ አዛውንት አጉረመረሙ፤ ሌሎቹ ግን ምንም አላሉም። አሮጌውን ጠፍር ቤት ውስጥ ለመታሰቢያ ሰቀለው እንጂ ዳግመኛ ምላጭ አላስነካውም። ለራሱ ጢም ደግሞ ከኮርቻ ሠሪ ቆዳ ገዝቶ አዲስ ጠፍር ቆረጠ።

እኔም በደስታ ውለታውን ልመልስ ብዬ ጉድ ሠራሁ። አያቴ ቆዳ በቅቤ አሽታ ስታለሰልስ እያየሁ ነው ያደግሁት፤ ስለዚህ አዲሱን ጠፍር በቅቤ ጥግብ አደረግሁት። በማግሥቱ ቆዳው ልፍስፍስ ብሏል፣ አቧራ ይዟል፣ ምላጩ ይንሸራተትበታል። ሰንብቶም መሽተት ጀመረ። በደረቅ ጨርቅ ስንጠርግ ከረምን፣ እንደ ቀድሞው ግን አልሆነም። «ስለ በረኪናው አስተማርከኝ፤ ስለ ቆዳው ግን መች ጠየቅከኝ?» አለኝ። ልክ ነው፣ አልጠየቅሁም። ጋዜጠኛ እሆናለሁ ለሚል ሰው ይህ ያሳፍራል።

ያን ጊዜ ቁጭ ብዬ ጠየቅሁት። ጠፍር ሲሳብበት በደንብ ይወጠራል፤ ከላላ ስለቱን ያዶለዱመዋል። ምላጩ ተኝቶ ይሄዳል፤ ጀርባው ይመራል፣ ስለቱ ይከተላል። ጫፍ ሲደርስ በጀርባው ነው የሚገለበጠው፤ በስለቱ የገለበጠው ሰው ጠፍሩን ይቆርጠዋል። ከመሳቡ በፊት በንጹሕ ደረቅ መዳፍ ይታበሳል፤ መዳፍ አቧራውን ያነሳል፣ የእጅ ወዝም ቆዳውን ያለሰልሰዋል። ቅባት የሚያሻው ቆዳው ሲደርቅ ብቻ ነው፤ ያውም በጣት ጫፍ። እርጥብ ምላጭ አይነካውም። ከፀሐይ፣ ከምድጃና ከውሃ ይርቃል። ሳይታጠፍ ይሰቀላል። ትንሽ ቢቧጨር በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል፤ መሀሉ በጥልቀት ከተቆረጠ ግን ሌላ ከመቁረጥ በቀር መድኃኒት የለውም።

አሁን ወደ እኛው ዶርም ልምጣ። «ምላጭህን አንዴ አውሰኝ» የሚል ጓደኛ በየዶርሙ አለ። እኔም ብያለሁ፣ እኔም አውሻለሁ። አጎቴ የልጅ ማሳደጊያውን ከግድግዳ ካወረደ፣ እኛ ለአንድ ምላጭ ዋጋ ብለን መዋዋሱን መተው ያቅተናል? የራስን ነገር መንከባከብና ለሌላ አለማዋስ ንፉግነት አይደለም። ሌላው ሁሉ ይዋዋስ፤ ማስታወሻ ደብተሬን ውሰዱ፣ ጃኬቴንም ውሰዱ። ምላጬን ግን አልሰጥም።

ቸር እንሰንብት።