ከመሥሪያ ቤቱ በፊት ሠራተኛው

ባለፈው ሳምንት ከምሳ በኋላ በተነሣው ክርክር አንድ የሕግ ተማሪ ወንድማችን፣ «በገደብና በአመክሮ የሚለቀቁትን ጥፋተኞች የሚከታተል መሥሪያ ቤት ካስፈለገን የእንግሊዞቹን መቅዳት ይበቃል» ሲል ብዙዎቻችን አጨበጨብንለት። እኔም አጨብጭቤያለሁ። ኋላ ግን ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ነገሩን ሳነብ እጄ ቸኩሎ እንደ ነበረ ተረዳሁ።

ለመሆኑ የምንቀዳው የትኛውን ነው? (ዘመኑን በኤውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።) በእንግሊዝ አገር በ1907 የወጣው ሕግ ለአመክሮ ሠራተኛ የሰጠው ሥራ ጥፋተኛውን መምከር፣ መርዳትና ወዳጅ መሆን ነበር። በ2014 የፍትሕ ሚኒስትሩ ክሪስ ግሬይሊንግ በእንግሊዝና በዌልስ የነበሩትን 35 የአመክሮ ድርጅቶች አፍርሰው ሥራውን ለሁለት ከፈሉት። እጅግ የሚያሠጉት ጥፋተኞች ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ተሰጡ፤ የቀሩት፣ ማለትም አብዛኞቹ፣ ለ21 ኩባንያዎች ተላለፉ። ለኩባንያዎቹ ከሚከፈለው ገንዘብ ከፊሉ የሚታሰበው ጥፋተኛው ተመልሶ ባለማጥፋቱ ነበር። በወረቀት ላይ ሲያዩት የሚያምር ሐሳብ ነው፤ የኤኮኖሚክስ ተማሪዎች ሳይወዱት አይቀሩም።

አብረው ይሠሩ የነበሩ ባልደረቦች ግን ተለያዩ። የተጠበቀውን ያህል ሥራ ስላልመጣ የኩባንያዎቹ ገቢ አነሰ፤ ከነርሱም አንዳንዶቹ ሠራተኛ ቀነሱ። በ2017 የአመክሮ ዋና ተቈጣጣሪ የነበሩት ዴም ግሌኒስ ስቴሲ እንዳመለከቱት፣ አንዳንዱ ጥፋተኛ ክትትል የሚደረግለት በስልክ ብቻ ነበር። እስኪ አስቡት! ሰውየው መጠጥ ይሽተተው፣ ፊቱ ይቈሳሰል፣ ማደሪያ ይጣ፣ በስልክ ማን ያያል?

በመጨረሻም መንግሥት ስሕተቱን አምኖ ሰኔ 26 ቀን 2021 ሁሉንም ወደ አንድ መሥሪያ ቤት መለሰው። ወንድማችን የሚያደንቀው ይህንን ይመስለኛል። ይሁን እንጂ ልክ በዓመቱ፣ ሰኔ 26 ቀን 2022፣ ከእስር ቤት ከወጣ ዘጠኝ ቀን የሆነው ሰው ለንደን ውስጥ ወደ ቤቷ በእግሯ ትሄድ የነበረች አንዲት የሕግ ምሩቅ ገደለ። ሰውየው በተቀጠረበት ቀን ሳይቀርብ ቀርቶ ነበር። በ1923 ሳይሆን በ2023 ጥር ተቈጣጣሪዎቹ ያወጡት መግለጫ እንደሚለው፣ እጅግ የሚያሠጋ ተብሎ መመዝገብ ሲገባው በመካከለኛ ተመዝግቧል፤ ወደ እስር ቤት የመመለሱም ትእዛዝ ዘግይቷል። ሠራተኞቹም ጥቂቶች ነበሩ፤ ሥራው ከዐቅማቸው በላይ ተከምሮባቸዋል። መሥሪያ ቤቱ አንድ ሆነ፤ የጐደለው ሰው ግን አብሮ አልመጣም። እዚያ አንድን የአመክሮ ሠራተኛ ማሠልጠን ከ15 እስከ 21 ወር ይፈጃል። የመሥሪያ ቤትን ስም በአንድ ሌሊት መለወጥ ይቻል ይሆናል፤ የሰውን ጠባይ ማንበብ የሚችል ሠራተኛ ግን በአዋጅ አይፈጠርም።

ማደራጀት ከንቱ ነው አላልኩም። በእኛም አገር ቅጣትን በገደብ ማቆም፣ የእስራቱን ሁለት ሦስተኛ የፈጸመውንና ጠባዩ የታረመውን በአመክሮ መልቀቅ በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነበረ፤ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግም ቀጥሏል። ስለዚህ አንቀጹን አላጣነውም። አስቸጋሪው ነገር ሰውየው ከእስር ቤቱ በር ሲወጣ የሚጠብቀው ማን ነው የሚለው ነው። ጐረቤት ፊቱን ያዞርበታል፤ አሠሪ ይሸሸዋል። በዚያ ሳምንት አንድ የሚያውቀውና የሚያውቀው ነገር ያለው ሰው ካላገኘ ሌላ የሚቀበለው አያጣም፤ የድሮ ጓደኞቹ አሉ።

ስለዚህ ለክርክር ክበባችን አንድ ልመና አለኝ። በሚቀጥለው ስብሰባ «መሥሪያ ቤቱ በየትኛው ሚኒስቴር ሥር ይሁን?» የሚለው ይቈይና፣ አንድ ሠራተኛ ስንት ሰው ይያዝ፣ ማን ያሠልጥነው፣ ደመወዙስ በሥራው ላይ የሚያቈየው ይሆናል ወይ በሚለው እንከራከር። ከሶሻል ወርክ ትምህርት ክፍልም ተናጋሪ ይጋበዝ፤ ባለፈው አንድም አልነበረም።