ማይሉን የሚከፍለው ማነው?

በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ በምንኖር ሐበሾች መካከል ገንዘብ ላጠረው ሰው የሚሰጠው ምክር አንድ ዓይነት ሆኗል። ኪራይ የጨመሩበት፣ የልጅ መዋያው ክፍያ የከበደው፣ አገር ቤት ያስጀመረው ግንብ ጣሪያ ሳይለብስ የቆመበት ሁሉ የሚሰማው «መኪና አለህ አይደል? ከሥራ ስትወጣ ኡበር ንዳ» የሚል ነው። በቤተ ክርስቲያን ግቢም፣ በለቅሶ ቤትም፣ ቡና ላይም ይኸው ነው። መካሪው ክፋት የለበትም፤ ብዙ ጊዜም ራሱ ይነዳል። ምክሩ ግን ለአብዛኛው ሰው ጎጂ ነው፤ ዝም ብለን እየተቀባበልነው የምንቀጥልበት ምክንያት አይታየኝም።

የምናገረው ሙሉ ጊዜውን በዚህ ስለሚተዳደረው ሾፌር አይደለም። የእሱ ነገር ሌላ ነው፤ ወጪውንም፣ መንገዱንም፣ ሰዓቱንም አሳምሮ ያውቃል። የማነሣው ቀን ሌላ ቦታ ሲሠራ ውሎ ማታና ቅዳሜ እሑድን «ለተጨማሪ ገቢ» ብሎ መሪ ላይ የሚያሳልፈውን ወገኔን ነው።

ይህን ሰው የሚያሳስተው ስልኩ ላይ የሚመጣው ሳምንታዊ ቁጥር ነው። ቁጥሩ በትልቁ ይጻፋል፤ ወጪው አብሮት አይጻፍም። ሰውየው ከዚያ ላይ የሚቀንሰው በእጁ የከፈለውን ጋዝ ብቻ ነው።

በምሳሌ እንየው። አሌክሳንድሪያ የሚኖር ሰው ዓርብ ማታ ለ5 ሰዓት ሠራ፤ ጉርሻ ተጨምሮ 120 ዶላር አገኘ እንበል። ከቤቱ ወጥቶ እስኪመለስ፣ ባዶውን የሄደበትም ተቆጥሮ፣ 110 ማይል ነዳ። መኪናዋ በጋሎን 30 ማይል የምትሄድ ከሆነች ወደ 12 ዶላር ገደማ ጋዝ ትጨርሳለች። «108 ዶላር ይዤ ገባሁ» ብሎ ይተኛል። የግብር መሥሪያ ቤቱ አይአርኤስ ግን በ2025 (እ.ኤ.አ.) ለሥራ ለተነዳ ለእያንዳንዱ ማይል 70 ሳንቲም ወጪ ያስይዝ ነበር። ይህ ቁጥር ጋዙን፣ ዘይቱን፣ ጎማውን፣ ፍሬኑን፣ ኢንሹራንሱንና መኪናዋ በተነዳች ቁጥር ከዋጋዋ የምታጣውን ያካተተ አማካይ ነው። 110 ማይል በዚህ ሲባዛ 77 ዶላር ነው። የቀረው 43 ዶላር፣ በሰዓት 8 ዶላር ከ60 ሳንቲም ነው።

«የእኔ መኪና እንደዚያ አትበላም» የሚል ይኖራል፤ ልክ ሊሆን ይችላል። ዕዳዋ ያለቀ፣ አሮጌ ግን ጤነኛ ሃይብሪድ የያዘ ሰው በማይል 40 ሳንቲም ይበቃዋል እንበል። 44 ዶላር ተቀንሶ 76 ይቀራል። በግል የሚሠራ ሰው ደግሞ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የሠራተኛውንም የአሠሪውንም ድርሻ፣ 15.3 በመቶውን፣ ብቻውን ይከፍላል። ይህ የሚሰላው አይአርኤስ የሚቀበለው የ77 ዶላር የማይል ተቀናሽ ከወጣ በኋላ ስለሆነ በዚያች ማታ 6 ዶላር ገደማ ነው። 70 ዶላር ቀረ፤ በሰዓት 14፣ የገቢ ግብሩን ሳንነካ። የዲሲ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ በጁላይ 2025 17 ዶላር ከ95 ሳንቲም ሆነ። እንግዲህ በደህናው መኪናና በደህናው ማታ የሚገኘው፣ ዲሲ ውስጥ ሳህን አጣቢ በሕግ ከሚከፈለው በታች ነው።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚመዘዝ መልስ አለ፦ «ማይሉን እኮ ታክስ ላይ ታወርደዋለህ!» ይህን ያህል ሰው የሸወደ አባባል አላውቅም። ተቀናሹ የመንግሥት ስጦታ አይደለም። መንግሥት በ77ቱ ዶላር ላይ ግብር የማይጠይቀው ወጪህ ነው ብሎ ስለተቀበለ ነው። ያው ሰው ለአይአርኤስ «ያተረፍኩት 43 ብቻ ነው» ብሎ ይፈርማል፣ ለጓደኛው ደግሞ 108 አተረፍኩ ይላል። በወረቀት ትርፉ ባነሰ ቁጥር ወደፊት ለሚታሰብለት የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ የሚያዝለት ገቢም ያንሳል። ቤት ልግዛ ብሎ ባንክ ሲቀርብም የሚታየው ስኬጁል ሲ በሚባለው የግል ሥራ የግብር ቅጽ ላይ የሞላው ነው፤ የአፑን ፎቶ ማንም አያይለትም።

ይህ የእኔ ሒሳብ ብቻ አይደለም። በ2018 ከኤምአይቲ የወጣ ጥናት የሾፌሮች መካከለኛ ትርፍ በሰዓት 3 ዶላር ከ37 ሳንቲም ነው ሲል ትልቅ ጫጫታ ተነሣ፤ አጥኚው ስሌቱን ደግሞ ሲሠራው ከ8 ዶላር ከ55 ሳንቲም እስከ 10 ዶላር ሆነ። በዚያው ዓመት ኢኮኖሚክ ፖሊሲ ኢንስቲትዩት የኡበር ሾፌሮችን አማካይ ከኮሚሽንና ከመኪና ወጪ በኋላ 11 ዶላር ከ77 ሳንቲም አደረሰው። ዘመኑና ዋጋው ተለውጧል፤ ግን ሲተች ታርሞ ከፍ ያለው ቁጥር እንኳ ማስታወቂያው ከሚለው ጋር አይቀራረብም። ስለ ማስታወቂያው ደግሞ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ሁለት ጊዜ ተናግሯል። በ2017 ኡበር የሾፌሮችን ገቢ አጋኖ አስተዋውቋል በሚል ክስ 20 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በ2024 ተፎካካሪው ሊፍት በተመሳሳይ ጉዳይ 2.1 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ፤ ሲያስተዋውቅ የነበረው ቁጥር ብዙ ከሚያገኙት አንድ አምስተኛ ሾፌሮች ገቢ የተወሰደና ጉርሻም ያለበት ነበር። ከድርጅቶቹ በላይ ለእነሱ የሚያስተዋውቀው ግን የእኛው ሰው አፍ ነው፤ ያውም በነፃ።

ምክሩ አርጅቷልም። ኡበር ዲሲ የገባው በ2011 መጨረሻ ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የነዱ ታላላቆቻችን በእርግጥ አግኝተዋል፤ ሾፌር እንዲበዛ ተፈልጎ ክፍያው ጥሩ ነበር፣ ድርጅቱ ከተሳፋሪው ክፍያ ስንት በመቶ እንደሚወስድም ይታወቅ ነበር። ከ2022 ወዲህ በየከተማው በተስፋፋው አሠራር ግን ሾፌሩ የሚቀርብለት ቁርጥ ዋጋ ነው፤ ተሳፋሪው ከከፈለው ጋር የነበረው የታወቀ ዝምድና ተበጥሷል። ያኔ ባገኘ ሰው ምስክርነት ዛሬ የሚጀምረውን መላክ ልክ አይደለም።

ሰዓቱስ? ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ማታ የኡበር ሾፌሮች ተራ የሚጠብቁበት ቦታ ሄዶ ያየ ሰው ይገባዋል። ወንበሩን ወደ ኋላ አጋድሞ የተኛ አለ፤ ከቤት ያመጣውን ፍርፍር ከላስቲክ ዕቃ የሚበላ አለ፤ መኪናው ላይ ተደግፎ በስልክ አዲስ አበባ የሚያወራ አለ። ሁሉም ስልኩ ላይ ያለውን የወረፋ ቁጥር በየደቂቃው ያያል። በመጨረሻ የሚደርሰው ሄርንደን ድረስ፣ አሥር ደቂቃ የማይሞላ መንገድ ሊሆን ይችላል። ያ ሁሉ ጥበቃ አይከፈልበትም። ኒውዮርክ ይህን አይታ ከ2019 ጀምሮ ሾፌሩ ባዶውን የሚያሳልፈውን ጊዜ ከግምት ያስገባ ዝቅተኛ ክፍያ ደነገገች። ማሳቹሴትስ በ2024 በሰዓት 32 ዶላር ከ50 ሳንቲም አስወሰነች፤ እሱም የሚቆጠረው ጥሪ ከተቀበሉ ጀምሮ ተሳፋሪ እስኪወርድ ላለው ሰዓት ነው። በሰዓት ይህን ያህል ሠራሁ የሚል ወገኔ የጠበቀበትን ሰዓት ከሒሳቡ አውጥቶ መሆኑን ልብ ይበል።

ኢንሹራንሱን በአጭሩ ልለፈው፤ ብዙዎች ግን እስኪደርስባቸው አያውቁትም። የግል መኪና ኢንሹራንስ በተለምዶ ለክፍያ ሰው ሲጫን የደረሰን አደጋ አይሸፍንም፤ ሳይናገር ሲነዳ የተገኘውን ደግሞ ሊሰርዘው ይችላል። ተሳፋሪ በተጫነበት ሰዓት ያለው የኡበር ሽፋን ለሌላው ወገን ጉዳት እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ለራስህ መኪና ግን ቀድሞ የራስህ የግጭት ሽፋን ሊኖርህ ይገባል፣ የመጀመሪያውን 2,500 ዶላርም አንተ ትሸፍናለህ። በሳምንት ሁለት ማታ ለሚነዳ ሰው አንድ ግጭት የስንት ወር ልፋት እንደሚጠርግ ቁጭ ብሎ ማስላት ነው።

የዚህ ሥራ እውነተኛ ጉልበቱ ሌላ ቦታ ነው፤ እሱን መካድ አይገባም። ሌሊት ከአገር ቤት ስልክ ይደወላል። እናት ሆስፒታል ገብታለች፣ የቅድሚያ ክፍያ ካልተያዘ አይተኛም። የወር ቼክ ሩቅ ነው። ኡበር ግን ዛሬ ተነድቶ ዛሬ ገንዘቡ ካርድ ላይ ይገባል፤ ነገ ጠዋት ይላካል። እንዲህ ላለ ጉዳይ የሚወጣን ሰው ማንም ሊወቅሰው አይችልም፣ እኔም አልወቅሰውም። ግን የሚያደርገውን ማወቅ አለበት፦ ለዘር የተቀመጠውን እህል እያስፈጨ ነው። ችግር ሲጠና ይደረጋል፤ በየሳምንቱ ሲደረግ ግን ክረምት ይመጣል። ያ ክረምት ትራንስሚሽን ሲበላሽ፣ አራት ጎማ አንድ ላይ ሲያልቅ፣ ለአሥር ዓመት ታስባ የተገዛች መኪና በአራት ዓመቷ ዋጋ ስታጣ ነው።

ስለዚህ ምክር ለሚጠይቀን ሰው መጀመሪያ መናገር ያለብን ሌላ ነገር ነው። ያለበት ሥራ ኦቨርታይም አለው ወይ? ከ40 ሰዓት በላይ ያለው አንድ ተኩል ከተከፈለበት፣ በሰዓት 20 ዶላር የሚያገኝ ሰው 30 ያገኛል፤ ጎማ አይነካበትም። ከሌለው፣ ዓርብና ቅዳሜ ማታ በኡበር የሚያልፉት ሰዓታት ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) ወይም ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ለሚሰጥ የነርስ ረዳት ኮርስ፣ ወይም ለሲዲኤል (የንግድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ዝግጅት ይበቃሉ። መንዳት የሚወድ ሰው የጭነት መኪና ወይም የአውቶቡስ ፈቃድ አውጥቶ፣ በሰው መኪና፣ በሰው ጋዝ፣ በሰው ኢንሹራንስ ይንዳ።

የሚያዋጣው ሰው የለም አልልም። ዕዳ የሌለባት፣ ጋዝ የማትበላ መኪና ያለው፣ ማይሉን በየቀኑ የሚመዘግብ፣ ከሥራ ሲመለስ በመንገዱ የሚሄድ ተሳፋሪ ካገኘ ብቻ የሚጭን፣ ካልቀናው አፑን ዘግቶ ቤቱ የሚገባ ሰው ጥቂት ዶላር ሊቆጥብ ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ግን ጥቂት ነው፤ ምክር ፈልጎም ወደ እኛ አይመጣም።

ወደ እኛ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ መኪና ገና የሌለው ነው። «በብድር አውጣ፣ መኪናዋ ራሷ ትከፍላለች» ይባላል። በስድስት ዓመት ብድር፣ በከፍተኛ ወለድ፣ ክሬዲት ታሪኩ ገና ባልጠና ሰው ስም ትወጣለች። የወሩን ክፍያ ለመሸፈን ይነዳል፤ በነዳ ቁጥር የመኪናዋ ዋጋ ከዕዳው በበለጠ ፍጥነት ይወርዳል። ከሁለት ዓመት በኋላ ልሽጣት ቢል የምታወጣው ዕዳዋን አይዘጋም፣ ልተዋት ቢል ክሬዲቱ ይወድማል፤ ስለዚህ ደክሞትም፣ ታሞም ይነዳል። እንዲህ ያለውን ብድር ያስፈረሙ ወዳጆች አሉ፤ ከባንኩ ጎን በዋስነት የቆሙም አሉ። ለአዲስ ገቢ ወንድም ወይም እኅት ዋስ ከመሆናችን በፊት የማይሉን ሒሳብ ወረቀት ላይ አብረን እንሥራ፤ ካላዋጣ ደግሞ አንፈርምልህም እንበለው።