የመምህር ማዕረግ በምን ይመዘን?

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

ስለ ዩኒቨርሲቲ መምህራን የማዕረግ ዕድገት ያለኝን አጭር አሳብ በጋዜጣዎ ዓምድ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። የሁለተኛ ደረጃ መምህር በዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ምን አገባው የሚል አንባቢ አይጠፋ ይሆናል። ነገር ግን እኛን የሚያሠለጥኑን፥ ያስተማርናቸውንም ልጆች የሚረከቡን እነርሱ ስለ ሆኑ ነገሩ የእኛም ነው።

እንደሚታወቀው ከሌክቸረርነት ወደ ረዳት ፕሮፌሰር፥ ከዚያም ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰርና ወደ ፕሮፌሰር ማደግ የሚፈልግ መምህር ማመልከቻውን ለትምህርት ክፍሉ ያቀርባል፤ የታተሙ ጽሑፎቹንና ስለ ማስተማሩ የተሰጠውን ግምገማም ያያይዛል። ጉዳዩ ከትምህርት ክፍል ወደ ኮሌጅ፥ ከኮሌጅም ወደ ሴኔት ይሄዳል፤ የፕሮፌሰርነት ማዕረግ ሲሆን ደግሞ ቦርዱ ያጸድቀዋል። ማዕረግ በዝምድናና በደጅ ጥናት እንዳይሰጥ እንዲህ ያለ ሥርዐት መኖሩ መልካም ነው።

ችግሩ ከሚዛኑ ላይ ነው። የታተመ ጽሑፍ ተቈጥሮ ይታያል፤ በቅጽ ላይ የሚሞላ ነጥብ ግን ጎበዙን መምህር ከሰነፉ በቅጡ አይለይም። ስለዚህ ማዕረግ ፈላጊው ክፍሉን ችላ ብሎ ጽሑፍ ቢያሳድድ ምን ይፈረድበታል? ገንዘብ ከተከፈለው ሳይመረምር የሚያትም መጽሔት በዓለም ላይ መብዛቱም ፈተናውን አብሶታል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው እንዳይሆን እፈራለሁ። እኔን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያስተማሩኝ ሰዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት «ልጁ ገባው ወይ?» ብለው ነበር።

ጉዳቱ የሚታየው በእኛ ዘንድ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ተማሪዎች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ አንደኛው የመምህራን አሠለጣጠን መሆኑን ግን የሚክድ ያለ አይመስለኝም። ፊዚክስ ሳይገባው የተመረቀ መምህር ፊዚክስን ለሌላ ሊያስረዳ አይችልም።

ምርምር ይቅር አልልም፤ የማይመራመር መምህር የዱሮ ደብተሩን ሲያነብ ይኖራል። የምለምነው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፥ አመልካቹ ሲያስተምር ነባር መምህራን ክፍል ገብተው ይዩት፤ ያዩትንም በጽሑፍ ያቅርቡ። ሁለተኛ፥ በአገር ቋንቋ የተዘጋጀ መልካም የመማሪያ መጽሐፍ በባለሙያ ተመርምሮ በውጭ አገር መጽሔት ከወጣ ጽሑፍ ጋር እኩል ይከበር። ሦስተኛ፥ ለማመልከቻው የመልስ ቀን ይቈረጥለት። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያላችሁ አንባቢዎች እንደምታውቁት፥ በመዝገብ ቤት ቍጥርና ቀን ያገኘ ማመልከቻ እንኳ የሚከታተለው ካጣ ይተኛል። ዕድገቱ ለተከለከለውም ሰው የጎደለውን አውቆ እንዲሞላ ምክንያቱ በጽሑፍ ይነገረው።

ዩኒቨርሲቲ ማስተማርን ማክበሩ የሚታወቀው ማንን እንዳሳደገ ሲታይ ነው።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከነቀምቴ