ከበርቴው ስለ ምን ይቸራል?

የአሜሪካ ታላላቅ ኩባንያዎች ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ሠራተኞችን ከአድልዎ የሚጠብቅ ደንብ ያወጡት በርኅራኄ ተነሣሥተው ነውን? ከቶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1982 የኒውዮርኩ ቪሌጅ ቮይስ ጋዜጣ ሠራተኞች በማኅበራቸው አማካይነት ተደራድረው፣ የጤና መድኑ ተመሳሳይ ፆታ ላላቸው የኑሮ ጓደኞቻቸውም እንዲደርስ በኅብረት ስምምነት አስጻፉ። በ2000 ሦስቱ የዲትሮይት መኪና አምራቾች ከሠራተኛው ማኅበር ጋር ሆነው ይህንኑ ፈቀዱ። ከበርቴው ሒሳቡን ያውቃል፤ ማንነቱን ደብቆ ተሸማቆ የሚውል ባለሙያ ምርቱ ይጓደላል፣ ጥሎ ሲሄድም ተተኪ ማሠልጠን ወጪ ነው። ሆኖም በስምምነት ያልሰፈረ ችሮታ ገበያው ፊቱን ባዞረ ዕለት ይታጠፋል። በ2024 የወግ አጥባቂዎች ዘመቻ ሲበረታ ፎርድና ሃርሊ ዴቪድሰን የእነዚህን ሠራተኞች አያያዝ ከሚመዝነው ዓመታዊ መለኪያ ራሳቸውን አገለሉ። ፎርድ ውሳኔውን ለሠራተኞቹ ያስታወቀው በማስታወሻ ነበር።