ሌሊትም የራሱ ብርሃን አለው፤ የሸፈንነው እኛ ነን

ተማሪን "ሌሊት ለምን ይጨልማል?" ብትሉት "ፀሐይ ስለሌለች" ይላችኋል። ልክ ነው፤ ግን ሙሉ መልስ አይደለም። ጨረቃ በሌለችበት ማታ፣ ከከተማ ራቅ ብላችሁ እጃችሁን ወደ ሰማይ ዘርጉ። እጃችሁ ከሰማዩ ጠቁሮ ይታያችኋል። ሰማዩ ያበራል ማለት ነው!

የከዋክብት ብርሃን ብቻ እንዳይመስላችሁ። አየሩ ራሱ ያበራል። ቀን ላይ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ከላይ ያለውን የኦክስጅን ሞለኪውል ይሰነጥቀዋል። ማታ አተሞቹ ተመልሰው ሲጣመሩ ኃይል ይለቃሉ፤ ከዚያም ከፊሉ ብርሃን ሆኖ ይወጣል። 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አረንጓዴ፣ 250 ኪሎ ሜትር አካባቢ ደግሞ አየኖችና ኤሌክትሮኖች ሲገናኙ ቀይ። ቀን ቻርጅ ሆኖ ማታ የሚበራ ሶላር በሉት። ቀለሙን በዓይናችን የማንለየው ደካማ ስለሆነ ነው እንጂ ካሜራ ረዘም ላለ ሰከንድ ከተከፈተ ይይዘዋል።

"ታዲያ ምን ይጠቅመናል?" ትሉ ይሆናል። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ የሚያልፈው በእኛው አገር ላይ ነው። በ2008 ዓ.ም. ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ላይ በተተከለ መሣሪያ ይህንኑ ቀይ ብርሃን ለክተው የላይኛውን አየር ነፋስና ሙቀት አውቀዋል። በምን? ለፈተና ብቻ የምንሸመድደው በሚመስለን በዶፕለር! ጂፒኤስን የሚያውከውም የዚያው የላይኛው አየር ጠባይ ነው።

ችግሩ ይህን ሰማይ እያጣነው ነው። እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን፤ ከሥራቸው ያለችው አዲስ አበባ ግን መብራቷን ወደ ላይ በረጨች ቁጥር ሰማዩ ይደበዝዝባቸዋል። የክልል ከተሞቻችንም በዚያው መንገድ ላይ ናቸው።

መብራት ይጥፋ አላልኩም። ማታ ከሥራ የምትመለስ እህታችን መንገዷ መብራት አለበት። የምለው መብራቱ ወደ መሬት ይይ ነው። ሰማይ ላይ የሚሄድ እግረኛ የለም! ወደ ላይ የሚባክነው ብርሃን እኮ የምንከፍልበት ኤሌክትሪክ ነው።

መምህራን ጓደኞቼ፣ ለዚህ ትምህርት ላብራቶሪ የለንም ማለት አንችልም። ላብራቶሪው በየማታው ከራሳችን በላይ ነው።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ለእናንተ ደግሞ የቤት ሥራ አለኝ፦ መብራት ሲጠፋ ከማማረራችሁ በፊት ስልካችሁን አስቀምጣችሁ 20 ደቂቃ ውጭ ቆዩ፤ ዓይናችሁ ጨለማውን ይልመድ። ከዚያ ያያችሁትን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ማርክ ግን የለውም 😀