«ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» በነጻ ሲነገራችሁ

እሑድ ማታ ነው። ከሰዓት የሄደው መብራት ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ መጣ። ታናሽ እህቴ የመመረቂያ ጽሑፏን ልትጨርስ ሮጣ ሄዳ የቤታችንን ዴስክቶፕ አበራችው። ፋኑ ዞረ፣ ፊት ለፊት ያለችው መብራትም በራች፤ ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ቀረ። አጠፋችው፣ መልሳ አበራችው፤ ያው ነው። ጽሑፉን ለአማካሪዋ የምታስረክበው ሐሙስ ነበር። «ሌላ ቦታ አስቀምጠሽዋል?» አልኳት። ዝም አለች። ከዛ በኋላ የነበረውን ለቅሶ ልለፈው።

ሰኞ ጠዋት ሳጥኑን በፎጣ ጠቅልዬ ታክሲ ያዝኩ። (ብዙዎቻችን ይህን ሳጥን «ሲፒዩ» እንለዋለን። እውነተኛው ሲፒዩ ግን ውስጡ ያለ፣ ከክብሪት ቀፎ የሚያንስ ነገር ነው።) የመጀመሪያው ጥገና ቤት ያለው ልጅ ሰካው፣ ቁልፉን ተጫነ፣ ስክሪኑን አየ። ሦስት ደቂቃ አልፈጀበትም። «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል ወንድሜ። 8,000 ብር፤ እሱም ለአንተ ብዬ ነው።» ውስጡ ያለው ፋይልስ? «ፎርማት መደረጉ ግድ ነው።»

ሁለት በር አልፌ ሌላ ቤት ገባሁ። እዛ ደግሞ ማዘርቦርዱ ደህና ነው ተባልኩ። የሞተው ፓወር ሰፕላዩ ነው፤ 3,500 ብር። ያው ኮምፒውተር፣ ያው ጠዋት፣ ሁለት የተለያየ በሽታ። ሁለቱም ምርመራ በነጻ ነበር። ገንዘቡም አልነበረኝ፣ ሳጥኑን ይዤ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ሁለቱም ሱቆች ውስጥ ሙዚቃ በኃይል ተከፍቶ ነበር። ቤት ገብተን ቴሌቪዥኑን አጥፍተን ስናበራው ግን ሳጥኑ ለካ ይጮኻል፤ ቲጥ፣ ቲጥ፣ ቲጥ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ እንደገና። እህቴ ድምፁን በስልኳ ቀዳችው። ጎኑን ፈታንና ማዘርቦርዱ ላይ የተጻፈውን ሞዴል ፎቶ አንስተን ኢንተርኔት ላይ ፈለግን። የጩኸቱ ትርጉም ከአምራች አምራች ይለያያል፤ በእኛው ላይ «ራሙን ማግኘት አልቻልኩም» ማለት ነበር። ከሶኬት ነቀልነው፤ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ ቁልፉን ለግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭነን ያዝን፤ እጃችን ላይ ያለው የስታቲክ ኤሌክትሪክ ራሙን እንዳይጎዳው የሳጥኑን ብረት ነካን። ራሙን አወጣነው። ወርቃማ ጥርሶቹ ጠቁረዋል። በላጲስ ቀስ ብለን አሸናቸው፣ ብናኙን አራገፍን፣ አቧራውን ጠረግን፣ ሁለቱም ጫፍ «ቀጭ» እስኪል ድረስ መለስነው።

ተነሳ። ጽሑፉም የነበረበት ቦታ አለ። ቀኑን ሙሉ መብራቱን ስንረግም ዋልን እንጂ ጥፋቱ የቆሸሸው ራም ነበር።

ይህን የምጽፈው «ጠጋኞች ሌቦች ናቸው» ለማለት አይደለም። እንደዛ የሚል ጽሑፍ ሞልቷል፤ ደግሞም ልክ አይመስለኝም። ጥፋቱ ያለው ገበያው ውስጥ ነው፣ ገበያውን እንዲህ ያደረግነው ደግሞ ደንበኞቹም ጭምር ነን ብዬ ነው የማምነው።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ጆርጅ አከርሎፍን ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ አንድ ጽሑፍ አወጣ፤ በ2001 ከማይክል ስፔንስና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሻጩ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም። ገዢው ስለሚፈራ ለደህናውም ለብልሹውም የሚያቀርበው ዋጋ አንድ ነው። በዛ ዋጋ ደህና መኪና ያለው ሰው አይሸጥም፤ ገበያው ላይ የሚቀረው ብልሹው ነው። ይህን ለፈተና ሸምድጄ፣ ጽፌ፣ ረስቼው ነበር። እስከዛ ሰኞ።

ጥገና ላይ ነገሩ ይብሳል፤ በሽታውን የሚነግረንም መድኃኒቱን የሚሸጥልንም አንድ ሰው ነው። በዛ ላይ ምርመራውን በነጻ እንፈልጋለን። «እስቲ አንዴ እየው» እንላለን። እስቲ ራሳችሁን በልጁ ቦታ አድርጉት። አርባ ደቂቃ ወስዶ፣ አንድ በአንድ እየነቀለ ፈትሾ፣ ችግሩ የቆሸሸ ራም መሆኑን ቢደርስበት ምን ያገኛል? እኔ ራሴ በሐቅ ልናገር፤ የመጀመሪያው ልጅ ራሙን አጽድቶ 500 ብር ቢለኝ «ለላጲስ?» ብዬ እከራከረው ነበር። ማዘርቦርድ ቀይሮ 8,000 ቢለኝ ግን እያማረርኩም ቢሆን ተበድሬ እከፍላለሁ፤ ዕቃ አይቻለሁና። ለጊዜህና ለእውቀትህ አንከፍልም፣ ለዕቃ ብቻ ነው የምንከፍለው ብለን አስተምረናቸዋል። ታዲያ ዕቃ ቢሸጡልን ምን ይገርማል? ተጠንቅቆ የሚፈትሸው ልጅም ኪራዩን መሸፈን ሲያቅተው ስልክ ካቨር ወደ መሸጥ ይሄዳል።

ዕቃው ደግሞ ከውጭ ነው የሚመጣው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የተሳሳተ ምርመራ ኪስ ላይ የሚያመጣው ጉዳት የድሮው አይደለም።

እኔ የምለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ምርመራ ዋጋ ይኑረው። ልጁ ቢሠራውም ባይሠራውም የታወቀ ክፍያ ያግኝ፤ እዛው ካሠራን ከጥገናው ዋጋ ላይ ይቀነስልን። ችግሩን በወረቀት ይጻፍልን፤ የተቀየረ ዕቃ ካለ አሮጌውን ይስጠን። መኪና ጋራዥ የሚያስገባ ሰው «አሮጌውን ዕቃ አምጣ» ሲል ነውር አይደለም፤ እዚህ ጋ ሲሆን ለምን እናፍራለን?

ሁለተኛ፣ ከቤት ሳትወጡ አንድ ጥያቄ መልሱ፦ የቆመው የት ላይ ነው? ኮምፒውተር የሚነሳው ደረጃ በደረጃ ነው። መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ያገኛል፤ ቀጥሎ ራሱን ይፈትሻል (ራም አለ? ስክሪን አለ?)፤ ከዛ ዲስኩን ይፈልጋል፤ ዊንዶውስ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ይህችን ቅደም ተከተል የያዘ ሰው ቢያንስ አንድ ውሸት አይሸጥለትም፤ ስክሪኑ ጭራሽ ጥቁር የሆነ ኮምፒውተር በፎርማት አይድንም። ፎርማት የሚነካው ዲስኩ ላይ ያለውን ነው፤ የእኛው ኮምፒውተር ደግሞ ዲስኩ ጋ ገና አልደረሰም ነበር።

ምንም መብራት፣ ምንም ድምፅ ከሌለ ጉዳዩ የኤሌክትሪክ ነው። ዲቫይደሩን ትታችሁ ግድግዳው ላይ በቀጥታ ሰኩት። ከኋላ ያለችውን ማብሪያ ማጥፊያ እዩ፤ ሲያጸዱ ነክተው የሚያጠፏት እናቶች አሉ (የእኛዋን ጨምሮ)። የሳጥኑና የስክሪኑ የኤሌክትሪክ ገመድ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ አቀያይሩና ሞክሩ። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ንቀሉና ቁልፉን ለግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭናችሁ ያዙ፤ ከዛ መልሳችሁ ሰኩ። ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ከጠቆረ የስክሪኑን ገመድ፣ ቀጥሎ ራሙን። የአምራቹ አርማ መጥቶ ዲስክ አጣሁ የሚል ጽሑፍ ካወጣ ተሰክቶ የቀረ ፍላሽ ካለ ንቀሉ፤ ከእሱ ልነሳ ብሎ ግራ ገብቶት ሊሆን ይችላል። ሰዓቱ በበራ ቁጥር ወደ ድሮ ዓመት የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታህል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አልቃ ነው።

ማንኛውንም ገመድ ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንሱት። ስልካችሁ ከቲክቶክ ሌላ ጥቅሙ እዚህ ጋ ነው።

«እኔ ባለሙያ አይደለሁም፣ ባበላሸውስ?» የሚል አለ። ተገቢ ፍርሃት ነው፤ የማይነኩ ነገሮችም አሉ። ፓወር ሰፕላዩን አትክፈቱ፤ ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ አደገኛ ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላል። የላፕቶፕ ባትሪ ካበጠ አትጫኑት፣ አትውጉት፣ ቻርጅም አታድርጉት። ሃርድ ዲስኩ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ካወጣ ደጋግሞ መሞከሩን ትታችሁ አጥፉት፤ እያንዳንዱ ሙከራ ፋይላችሁን ሊጎዳው ይችላል።

ደግሞም ኮምፒውተሩ ሞተ ማለት ፋይሉ ሞተ ማለት አይደለም። ዲስኩ ደህና ከሆነ አውጥቶ፣ በዩኤስቢ በሚሰካ መያዣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ማንበብ ይቻላል። አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ሊሆን ስለሚችል መክፈቻ ቁጥሩን አስቀድማችሁ ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ላይ ፈልጉ። ስለዚህ ጥገና ቤት ስትገቡ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገራችሁ «ፋይሉን ሳታሳየኝ ፎርማት እንዳታደርገው» ይሁን። እህቴ አሁን ጽሑፍ በጨረሰች ቁጥር ለራሷ በቴሌግራም ትልካለች፤ ትንሽ አብዝታዋለች፣ ግን አልናገራትም።

ባለፈው ሳምንት የጎረቤታችን ልጅ ላፕቶፕ አልነሳ አለ። ቻርጀር ቀይረን፣ ቁልፉን ተጭነን ይዘን፣ የምንችለውን ሁሉ ሞከርን። እምቢ ሲል አንድ ሌላ ጥገና ቤት ይዤው ሄድኩ። «ለምርመራው ብቻ 300 ብር እከፍልሃለሁ፤ ብትሠራውም ባትሠራውም። ያገኘኸውን ጻፍልኝ» አልኩት። ልጁ የምቀልድ መስሎት ጓደኛውን አየ። ብሩን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥለት ወንበር ሰጠኝ፣ ሙዚቃውን ቀነሰና ካቻቢቴውን አነሳ። ሃምሳ ደቂቃ ያህል ፈጀበት። በደረሰኝ ጀርባ ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «የቻርጀር መሰኪያው ከውስጥ ተነቅሏል። ማዘርቦርዱ ደህና ነው።»